በሩ የሚታይበት ወንበር

ለእናቴ፣

ይህ ደብዳቤ በጤናና በሰላም ቁጭ ብለሽ ያግኝሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ብርዱ ሲገባ የሚነሳብሽ ነገር ዘንድሮስ ማረሽ ወይስ እንደ ልማዱ ቀድሞ መጣ? በዚያ ጉልበትሽ አሁንም ከገበያ ስትመለሺ በዋናው መንገድ ነው የምትዞሪው? አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለውን አቋራጭ ትተሽ ስትዞሪ እያየ "ዞሮ ዞሮ ከቤት" እያለ ሲስቅብሽ ትዝ ይለኛል። መነጽርሽንስ በክር አስረሽ አንገትሽ ላይ አንጠልጥለሽ "የት ጣልኩት" እያልሽ ቤቱን ታምሺያለሽ? ታናሼስ? የጋብቻውን ነገር ዘንድሮም ለከርሞ አስተላለፈው? የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው የሚሉት እውነታቸውን ነው፤ አንዷ ልጅሽ ከሰው ችግር መሀል አትወጣም፣ አንዱ ደግሞ ከአልጋው አይወርድም። እንደምወደው ንገሪልኝ። ስድቡንም አብረሽ ንገሪልኝ።

እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ አካሌን ነው። ሆዴ ግን ካለፈው ጊዜ የስልክ ወሬያችን ጀምሮ ባር ባር እንዳለው ነው፤ ከአንቺ ምን እደብቃለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። እማዬ፣ አንቺን በስልክ ማግኘት ሰፈሩን በሙሉ ማግኘት ነው። ድምጼን ከፍ አድርገሽ ለሁሉም ታሰሚያለሽ፤ ታናሼ ከጓዳ ሆኖ ይመልስልኛል፣ ጎረቤትሽ ከበረንዳ ትመርቀኛለች፣ እኔ ልነግርሽ የጀመርኩት ነገር መሀል ላይ ወድቆ ይቀራል። ይሄኛውን ነገር ሰፈሩ እንዲሰማው አልፈለግኩም። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው። በሩን ዝጊው ብዬ አልነግርሽም፤ በር መዝጋት ላይ አንቺን የሚስተካከል የለም።

ስለ አዲሱ ሥራዬ የነገርኩሽ ቀን መጀመሪያ ደስ ብሎሽ ነበር። እሰይ፣ ከዚያ መስኮት ተገላገልሽ አልሽኝ። የካርድ ክፍሉን መስኮት ማለትሽ ነው። መዳፍ በምታህል ቀዳዳ ውስጥ "ስም? ዕድሜ? አድራሻ?" እያልኩ መኖሬ ከእኔ ይልቅ አንቺን ያንገበግብሽ ነበር። ከዚያ የምን ሥልጠና ነው አልሽኝ። ሆስፒታላችን ተደፍረው ለሚመጡ ሰዎች ለብቻ የሚሆን ክፍል እንደከፈተ፣ እነሱን ተቀብለን የምናዳምጥ አማካሪዎች እየሰለጠንን እንደሆነ ነገርኩሽ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ። ቆይተሽ፣ በማላውቀው ድምጽ፣ ይሄን ሥራ ተዪው፣ የሰው ሆድ መቆፈር ምን የሚሉት ሥራ ነው፣ ዝም አይነቅዝም አልሽኝና ስልኩን ለታናሼ ሰጠሽው። በማግስቱ ደውሎ፣ እማዬን ምን ብለሻት ነው፣ ራቷን ሳትቀምስ ተኛች አለኝ።

አባቴ የሞተ ሰሞን እንኳን እህል ካልቀመሳችሁ እያልሽ የምትቆጪን አንቺ ነበርሽ። አንቺ ራትሽን ትተሽ ተኛሽ ሲለኝ ስልኩን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሥራ መሀል ሁሉ የሚመላለስብኝ እሱ ነው። ያለ ምርቃትሽ የያዝኩት ነገር ሆኖልኝ አያውቅም፤ ይሄኛው ደግሞ እንዲሆንልኝ እፈልጋለሁ። ሌላም የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ፤ እሱን ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ። አንቺም ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ።

መጀመሪያ ሥልጠናውን ልንገርሽ፤ ሆድ መቆፈር አለመሆኑን እዪልኝ።

አሰልጣኛችን ጸጉሯ ገብስማ የሆነ፣ ቀጠን ያለች፣ ስትራመድ ድምጽ የማታሰማ ሴት ናት። በስሟ የሚጠራት የለም፤ በሌለችበት "ወይዘሮ ቆይ" ነው የምንላት። ከአፏ ከሁሉ ይበልጥ የሚወጣው ቃል እሱ ነው። ምክር ለመስጠት አፋችንን ስንከፍት ቆይ ትላለች። ዝምታው ከብዶን በወሬ ልንሞላው ስንል ቆይ ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን እልህ አስይዛኝ ነበር። እንዲህ ከሆነ ግድግዳውን ለምን አማካሪ አታደርጊውም ልላት ነበር የቀረኝ።

አብረውኝ የሚሰለጥኑት አንዲት አዋላጅና አንድ ጡረታ የወጣ ፖሊስ ናቸው። ልምምዳችን እንዲህ ነው፦ አንዳችን ጥቃት የደረሰበት ሰው ሆነን እንገባለን፣ እንግዳ እንለዋለን፤ አንዳችን እናዳምጣለን፤ የቀረነው ዳር ይዘን እንመለከታለን። አዋላጇ ሰፊ ሴት ናት፤ እጇም ልቧም ድምጿም ሰፊ ነው። እንግዳዋ ዝም ካለች ግን መቋቋም አትችልም። "በርቺ፣ በርቺ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ፣ ደረሰ" ትላለች፤ የማዋለጃ ክፍል ውስጥ ያለች ይመስል። ሁላችንም ሳቅን፣ እሷ ራሷ ከሁላችን በላይ ሳቀች። ወይዘሮ ቆይ ብቻ አልሳቀችም፤ እዚህ የሚቸኮልለት የለም አለቻት።

ፖሊሱን ሻምበል እንለዋለን። ወንድ እዚያ ምን ይሠራል እንዳትዪኝ፤ የሚመጡት ሁሉ ሴቶች አይደሉም፣ ወደ ሕግ መሄድ የምትፈልግ ሴትም ብትሆን መንገዱን የሚያሳያት ሰው ያስፈልጋታል። የእሱ በሽታ "ለምን" ነው። ለምን በዚያ ሰዓት ወጣሽ፣ ለምን አልጮህሽም፣ ለምን ያኔውኑ አልተናገርሽም። ክፋት የለበትም፤ ዕድሜ ልኩን በዚህ ቃል ነው የኖረው። ወይዘሮ ቆይ ግን፣ ጥፋተኛዋ እሷ ሳትሆን ጥፋተኛ የሚያደርጋት ጥያቄ አትጠይቅ፣ "ለምን" በመጣብህ ቁጥር አውራ ጣትህን ጨብጥና ያዘው አለችው። አሁን ሻይ ስንጠጣ ሁሉ አውራ ጣቱን ጨብጦ እናየዋለን። ምነው ስንለው፣ ቤትም ተመልሼ ሚስቴን ሳዋራ እንዲሁ ነኝ፣ ካገባኋት ወዲህ እንዲህ ተስማምተን አናውቅም አለን።

የእኔ በሽታ ደግሞ "አይዞሽ" ነው።

ሳቂ፣ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ሰው ሲከፋው አይዞሽ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? እኔም እንዲሁ ነው ያልኩት። በዚያች የካርድ ክፍል ቀዳዳ ስንቱን አይዞህ፣ አይዞሽ ስል ኖሬያለሁ። ወይዘሮ ቆይ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ከልክላናለች። ቃሉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ መንገድ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ የትም በሉት አለችን። እዚህ ግን አንዲት ሴት ስትፈራ ስትቸር አፏን ልትከፍት ስትል አይዞሽ ካላችኋት፣ በቃሽ፣ መልሰሽ ዋጪው ማለታችሁ ነው። የምታጽናኑት እሷን አይደለም፣ መስማት የከበደውን የራሳችሁን ልብ ነው አለችን። ታዲያ ምን እንበል አልናት። "አለሁ" በሉ፣ እሱም ካስፈለገ ነው አለች።

ይህን ስትናገር አንቺ ነሽ ፊቴ ድቅን ያልሽው። ልጆች ሆነን ስንወድቅ የሰው እናት ሁሉ አይዞሽ፣ አይዞሽ እያለች ስትሮጥ አንቺ መጥተሽ አጠገቤ ቁጭ ትዪና "አለሁ" ትዪ ነበር፤ ሌላ ቃል የለም። በእናቶቻቸው የተነሳ በጓደኞቼ እቀና ነበር፣ አልዋሽሽም። አያቴ ባረፈች ጊዜ ደግሞ ሴቶቹ ከበውሽ አይዞሽ፣ ሁሉም ያልፋል ሲሉሽ ነጠላሽን ሰብስበሽ ከመሀላቸው ተነስተሽ ወጣሽ። ተከትዬሽ ብወጣ ያ ቃል ያፍነኛል አልሽኝ። ያኔ የሐዘን ነገር መስሎኝ ነበር።

ልቀጥል። ልምምዱ በዛ ሲል፣ ወይዘሮ ቆይ ዳር ተቀምጣ እያየችን እውነተኛ ሰው እንድንቀበል ተደረገ። መጀመሪያ ተራው የደረሰው ለእኔ ነው። ስለመጣችው ሴት ምንም አልነግርሽም። ዕድሜዋን፣ መልኳን፣ የደረሰባትን ለአንቺም ቢሆን አልጽፈውም፤ የእሷ ነው። የማወራሽ የእኔን ጥፋት ብቻ ነው።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ድሮ የመድኃኒት መጋዘን ነበር፣ አሁንም ዝናብ ሲሆን ግድግዳው የአልኮል ሽታ ይመልሳል። ጠረጴዛውን አውጥተነዋል። ሁለት ወንበር፣ ዳር ላይ ለሚመለከቱ አንድ አግዳሚ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ መደርደሪያው ላይ ውሃና ብርጭቆ፣ አንድ እሽግ ሶፍት፣ ይኸው ነው። ግድግዳው ላይ የነበረው ሰዓት ቀጭ ቀጭ እያለ ሰው ያስቸኩላል ብለን አውርደነዋል። ይህን ሁሉ ስናስብ የእንግዳዋ ወንበር ጀርባውን ለበሩ እንደሰጠ ማናችንም ልብ አላልንም።

እዚያ አስቀመጥኳት። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ትዞራለች። አንድ ቃል ትጀምራለች፣ ኮቴ ይመጣል፣ ትዞራለች። እንደገና ትጀምራለች። በሽተኛ የተኛበት አልጋ እየገፉ ሰዎች ሲያልፉ ጎማው ተንጫጫ፣ ብድግ አለች። አንጀቴን በላችው። አፌም ቀደመኝ። "አይዞሽ፣ ማንም አይገባም" አልኳት።

እማዬ፣ የሰው ፊት ሲዘጋ አየሁ። አልተቆጣችም፤ በጨዋ ደንብ ነው የዘጋችው። ቀሚሷን አስተካክላ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ጠረገች፣ እግዜር ይስጥሽ እህቴ፣ አሁን ተሽሎኛል አለችኝ። ምኗ ነው የተሻላት? ገና አንድ ነገር ሳትናገር። ለሳምንት ቀጠሮ ሰጠኋት። እሺ አለች፤ ግን ሰው ለለማኝ ስመለስ እሰጥሃለሁ ሲል የሚለውን ዓይነት እሺ ነበር። ኮሪደሩን ይዛ ግድግዳውን እየታከከች ሄደች።

ወይዘሮ ቆይ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቀጠሮዋን እንጠብቅ፣ ከዚያ በኋላ በዚህ ክፍል ትቀመጪ እንደሆን ወይም ወደ መስኮትሽ ትመለሺ እንደሆን እንነጋገራለን ብቻ አለችኝ። መስኮቱ አይደለም ያስጨነቀኝ። እንዲህ ያለ ነገር የያዘ ሰው የሚያንኳኳው አንዴ ነው፤ ሲያንኳኳ መልሰው ካፈኑት ሁለተኛ የማንንም በር ሳይነካ እንደታፈነ ሊኖር ይችላል። ይሄን በሥልጠናው ሰምቼ በደብተሬ ጽፌዋለሁ። ጽፌው ደግሞ እኔው አደረግኩት። ያች ሴት ሳትመለስ ብትቀር፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ላይ ክዳኑን የከደንኩት እኔ ነኝ።

ቀጠሮዋ ነገ ነው። ይሄን የምጽፍልሽ የዛሬው ሥራ አልቆ በዚያው ክፍል ብቻዬን ቁጭ ብዬ ነው። ጽዳት የምትሠራዋ ሁለቴ በሩን ገፋ አድርጋ አየችኝና ሄደች።

አሁን ወደዚያኛው ነገር ልምጣ።

ያች ሴት በሄደች ማግስት ልምምድ ነበረን። ወይዘሮ ቆይ ቦታ ቀየረችኝ፤ ዛሬ እንግዳዋ አንቺ ነሽ፣ ሻምበል ያዳምጥሻል አለችኝ። እንግዳ የሚሆን ሰው የራሱን ነገር አያመጣም፣ የሚያውቀውንም ሰው አያመጣም፤ ደንብ ነው። የሌለች ሴት ፈጥረሽ ነው የምትገቢው። እሺ፣ ልፍጠር ብዬ ወጣሁና አንኳኩቼ ገባሁ።

ሻምበል አውራ ጣቱን ጨብጦ ቆሟል። ገና ሳልቀመጥ፣ የት ብትቀመጪ ይሻልሻል አለኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ማናችንም ጠይቀን አናውቅም፤ እሱም ያለፈውን ቀን ወሬ ሰምቶ ሲያስብበት አድሮ ነው አሉ። እኔ ሳላስበው፣ በሩ የሚታየኝ ቦታ አልኩት። ወንበሩን አንስቼ አዞርኩት፣ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ መፍጠር አላስፈለገኝም፤ ነገሩ ራሱ ይመጣልኝ ጀመር። ዕድሜዋ የገፋ፣ ልጆች ያሳደገች ሴት ነኝ አልኩ። ሠርግ ብጠራ በሩ አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም። ለሴት ልጄ ቀሚስ ላሰፋ ስሄድ ሜትሩን ከልብስ ሰፊው እጅ ተቀብዬ ራሴ እለካታለሁ፤ ሰውየው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፣ ሜትሩን ግን አልሰጠውም። ከገበያ ወደ ቤቴ የሚያቋርጥ አጭር መንገድ አለ፤ ዝናብ ቢወርድ፣ ሸክም ቢከብደኝ በዚያ አልሄድም፣ እዞራለሁ። ባለቤቴ ይቀልድብኛል። ልጆቼም ከሱ ተምረው ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የሞተ ቀን ሰፈሩ በሙሉ ለቀብር ሲወጣ፣ ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ አልኩ። ግን አልተኛሁም። በቤቱ ውስጥ ያለውን ልብስ በሙሉ፣ ታጥቦ የተጣጠፈውን ሳይቀር፣ አውጥቼ ሳጥብ ዋልኩ። ውሃ የቀዳችልኝ ያኔ ትንሽ የነበረችው ሴት ልጄ ናት። ይሄ እኮ ንጹሕ ነው ብትለኝ፣ አንቺ ብቻ አምጪው አልኳት።

እዚህ ስደርስ አቆምኩ።

ሻምበል ዕድሜውን ሙሉ ሲጠይቅ የኖረ ሰው፣ አውራ ጣቱ ደም እስኪያጣ ጨብጦ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። አዋላጇም ዳር ተቀምጣ በርቺ አላለችም፤ ፊቷን ወደ መጋረጃው አዙራ ነበር። በኋላ ሻምበል "አለሁ" አለ። እማዬ፣ ከወንድ አፍ ያን ቃል በዚያ ድምጽ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ሲያልቅ ወይዘሮ ቆይ ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝና ይህችን ሴት ከየት አመጣሻት አለችኝ። ፈጠርኳት አልኩ። ቆይ አለችኝ። ቆየሁ። ፈጠርኳት አልኩ ደግሜ፤ እንባዬ ግን ቀድሞኝ ወረደ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም። የምትወጃት ሰው ዘንድ ጥያቄ ይዘሽ አትሂጂ፤ ወንበሩን አዙሪ፣ በሩን ክፍት አድርጊ፣ መምጣትም አለመምጣትም የሷ ነው አለችኝ።

እኔም አልጠይቅም። ሁለት ጊዜ የጻፍኩትን ቀድጃለሁ፤ ይሄ ሦስተኛው ነው። አንቺ ዘንድ ሲደርስ ከኋላሽ እንደሚመጣ ኮቴ እንዳይሆንብሽ እፈራለሁ። ብልከው እፈራለሁ፣ ባልከው ደግሞ ያችን ሴት አይዞሽ ብዬ እንደመለስኳት ሁሉ ሌላ ሰውም የመለስኩ ይመስለኛል። ለአሁኑ እዚህ ላይ ላቁመው። የነገውን አይቼ ልጨርሰው።

ይኸው ነጋ፣ ውሎም አለፈ፤ ከዚሁ ወንበር ላይ ነው የምጽፍልሽ።

ጠዋት ቀድሜ ገብቼ ውሃውን ቀየርኩ። ሶፍቱን አስተካከልኩ፣ መልሼ አበላሸሁት፣ መልሼ አስተካከልኩት። ወንበሩን አዞርኩና እዚያው ላይ ተቀምጬ በሩን አየሁ፤ እጀታው፣ ደፉ፣ የሚገባው ሰው እግር ሁሉ ይታያል። ወይዘሮ ቆይ ገብታ ዳር ቦታዋን ያዘች። የእንግዳዋ ሰዓት ደረሰ፣ አልመጣችም። ሻምበል ከዋናው በር እስከ ኮሪደሩ ይመላለሳል፤ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል። አዋላጇ ሻይ አመጣችልኝና ምንም ሳትል አጠገቤ አስቀምጣልኝ ሄደች፤ ለእሷ ዝም ማለት ምን ያህል ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ። ሻዩ ሳልነካው ቀዘቀዘ። ሰዓቷ አለፈ። ተስፋ ቆረጥኩ። የካርድ ክፍሉን መስኮት፣ የተሰነጠቀውን መስታወት፣ ሁሉንም በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት፤ ያም ሆኖ እንደ ልማዴ ለራሴ አይዞሽ ማለት አቃተኝ።

ከዚያ ኮቴ ሰማሁ። ቀስ ያለ፣ ግድግዳውን ታክኮ የሚመጣ ኮቴ። በሩ ላይ ቆመች። ወንበሩን አየችው። ማን አዞረው አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። ደግ አደረግሽ አለችና ገብታ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲያ ያለው የእሷ ነው። አይዞሽ አላልኳትም። ምላሴ ጫፍ ድረስ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት። አንዴ ብቻ አለሁ አልኳት።

ከሄደች በኋላ ወይዘሮ ቆይ ከዳር ተነስታ መጋረጃውን ከፈተች። ምን ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ለካርድ ክፍሉ ሌላ ሰው ይፈልጉ አለችኝና ወጣች። ሻምበል ከረሜላ ሰጠኝ፤ እሱ ደስታውን በሌላ መንገድ አይገልጽም።

እማዬ፣ ሥራውን አልተወውም። ቃልሽን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አይደለም፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ ነገሩን አይተሽ እንድትመርቂኝ ነው። ምርቃትሽ ባይመጣም እንዳልቀየምሽ እወቂ።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ጉልበትሽን እዚህ መጥተሽ ታዪው። ጎበዝ የአጥንት ሐኪም አለን፤ ካርድ ለማውጣትም ሰልፍ አትይዢም፣ ያን ያህል እንኳን ከዚያ መስኮት ላትርፍ እንጂ። ለሰፈሩ ለጉልበቴ ነው ብትዪ ውሸት አይሆንብሽም። ወረፋሽን እስክትጠብቂ የምሠራበትን አሳይሻለሁ። ክፍላችን ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው፤ በር ላይ ስም የሚጠይቅ የለም፣ ማን ገባ ማን ወጣ የሚል የለም። ነገሩ በቅርብ የደረሰበት ሰው ብቻ አይደለም የሚመጣው። ነገሩ የደረሰባቸው ልጅነታቸው ላይ ሆኖ የልጅ ልጅ አይተው የሚመጡም አሉ ብላናለች ወይዘሮ ቆይ፤ ዘገያችሁ የሚላቸው የለም። ደግሞ ዘመድ ለዘመድ አይቀመጥም፣ ይሄም ደንብ ነው። እኔ የማውቃት ሰው ብትመጣ የምትቀበላት አዋላጇ ናት፤ የተባለውን እኔ አልሰማም፣ ስትወጣም አልጠይቃትም። ምንም ሳይናገሩ ተቀምጦ መሄድም ይቻላል። ዝም አይነቅዝም ብለሽኝ የለ፤ ዝምታሽን ይዘሽ ብትመጪም ወንበር አለው። ይሄን የምነግርሽ ሥራችንን እንድታውቂው ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

መልስ ስትጽፊልኝ ስለዚህ ሁሉ አንድም ቃል ባትጽፊ አይከፋኝም። ስለ ጉልበትሽና ስለ ታናሼ ብቻ ብትጽፊልኝ ይበቃኛል። ራትሽን ግን ብዪ።

ዕድሜና ጤናሽን ያብዛልኝ፤ እጅሽ አይጉደልብኝ፤ እንቅልፍሽን የሰላም ያድርግልኝ። የምትመጪበትን ቀን ከላክሽብኝ መናኸሪያው ድረስ መጥቼ እቀበልሻለሁ። ከመናኸሪያው ወደ ሆስፒታሉ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በመጋዘኖቹ ጀርባ የሚያቋርጥ ነው፣ ቶሎ ያደርሳል፣ ሰው ሁሉ በዚያ ነው የሚሄደው። እኛ በዋናው መንገድ እንዞራለን።

አለሁ፤

ውሃ የቀዳሁልሽ ልጅሽ